በጥቁሩ አለት ላይ የቀረው ዘንግ

ተሬፋን ከወንዙ ያወጣው ወንድሙ ነጋሳ ነው፤ ገደልከው ተብሎ የተያዘውም እሱው ነው።

ሳጅን አረጋሽ ስልክ ተደውሎላት ከጉደር ከተማ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ በባጃጅ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ወርዳ ስትደርስ ሬሳው አለቱ ላይ በጋቢ ተሸፍኖ ነበር። አለቱን የአገሩ ሰው ዳጋ ጉራቻ ይለዋል፤ ጥቁር ድንጋይ ማለቱ ነው። በበጋ ወንዙ ሳስቶ ድንጋዩን ሁሉ ፀሐይ ላይ ሲያሰጣ፣ ከዚህ አለት ሥር ያለው ጥልቅ ውሃ ግን አይጎድልም። የሰው ጭን የሚያህለው አምባዛ፣ ያ ጢማሙ ዓሣ፣ የሚደበቀው እዚያ ነው። ትልቅ ዓሣ የፈለገ ሰው ታዲያ ሌላ ቦታ አይለፋም፤ ዳጋ ጉራቻ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ተሬፋም ዕድሜውን እዚያ ቆሟል። በዐቢይ ጾም ዓሣ አይገድፍም የሚለው ሰው ሲበዛ፣ የአምቦ ሆቴሎች የሚጠብቁት የእሱን እጅ ነበር።

አረጋሽ ጋቢውን ገለጥ አድርጋ አየችው። ጸጉሩ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ከግራ ቅንድቡ በላይ በትር ያረፈበት የሚመስል ሰንበር ተጋድሟል። ከሰንበሩ ውስጥ አንዲት ስንጥር በጥፍሯ ነቅላ ወደ ፀሐይ አነሳቻት። የደረቀ ቀርከሃ ናት፤ አንድ ጎኗ በእሳት ጠቁሯል። በመሐረቧ ጠቀለለቻት።

ነጋሳ እስከ ደረቱ ርሶ፣ እጁ በካቴና ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ቅዳሜ ለት ሁለቱ ወንድማማቾች ድንበር ላይ ባለ ባሕር ዛፍ ተጣልተው፣ ነጋሳ በሰው ፊት «ውሃ ይብላህ» ብሎት ነበር። ይህን የሰማ ሁሉ አሁን አፋፉ ላይ ቆሞ ይንሾካሾካል።

«ብለኸዋል?» አለችው።

«ብዬዋለሁ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ልትሠራ ወረድክ?»

«ልታረቀው። ትናንት ፍየል አርጄ ጉበቱን ልኬለት ነበር፣ ለመንጠቆው እንዲሆነው። ተቀብሎታል አሉኝ፤ ደስ አለኝ። ስመጣ ውሃው ዳር ድንጋይ ይዞት አገኘሁት።»

ከሬሳው ራቅ ብሎ የሟቹ ዕቃ እንደነበረ አለ፦ ጫማው፣ አፉ የታሰረ ጥቁር ፌስታል፣ አንድ የመንጠቆ ዘንግ። ኮንስታብል ኤልያቄም ፌስታሉን ፈቶ ወደ ውስጥ አየ።

«ጉበቱ ነው፤ ቢላ አልነካውም። ይያዙልኝማ» ብሎ ዘረጋላት።

አረጋሽ ሳታስበው እጇን ሰበሰበች።

«ጾመኛ ነዎት ለካ» ብሎ ሳቀ። «እኛ ጴንጤዎቹ ባንኖር ይህን ኤግዚቢት ማን ሊይዝላችሁ ነበር?»

አልሳቀችም። ወደ ኋላ የሳበችውን እጇን ትንሽ አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ዘንጉን አነሳች። ቀጭን የሸምበቆ ዘንግ ነው፤ ክሩም እንደዚያው ቀጭን። ትንሿ መንጠቆ ላይ የሊጥ ድብልብል ተሰክቷል። በጣቶቿ አሸት አድርጋ አሸተተችው። ያዳልጣል፤ ተልባ ተልባ ይሸታል።

በማግስቱ ሬሳው አምቦ ተመርምሮ ተመለሰ። ሐኪሙ ምቱ አደነዘዘው እንጂ አልገደለውም፣ የገደለው ውሃው ነው አለ። የጣቢያው አዛዥ ደግሞ ነጋሳ በአሥር ሰዓት ወደ አምቦ፣ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይላክ አለ። አረጋሽ ልትከራከረው ሞከረች፤ ሰውዬው ርሶ ተገኝቷል፣ ዝቷል፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ ዘጋት። የቀራት እስከ አሥር ሰዓት ያለው ጊዜ ነው።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። የሟቹ እናት አዴ ጌጤ ሳጥኑን ተደግፈው መሬት ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ ሙቀት ነው፣ ልጁ ይቀበር ብለው ሲለምኗቸው ውለው ደክመዋል። እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።

«ኢንታላ ኮ» አሉ የአረጋሽን እጅ ይዘው፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ታላቁን የሚሸከመው ታናሹ ነው። ነጋሳ ካልመጣ ይህ ሳጥን ከዚህ አይነሳም። ገደለው የምትይም ከሆነ እዚሁ አምጥተሽ ፊቴ ንገሪኝ።»

«ገደለው አላልኩም፣ አዴ።»

«አልገደለውምም አላልሽ።»

አረጋሽ እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ ወደ ቤት ገባች።

የተሬፋ ሚስት ሶረቲ ጓዳ ውስጥ ለብቻዋ ነበረች። ግድግዳው ላይ የባሏ ዘንጎች ተሰቅለዋል፤ ሁሉም ወፋፍራም ቀርከሃ ናቸው። አረጋሽ የሸምበቆውን ዘንግ አሳየቻት።

«ይህን ታውቂዋለሽ?»

«የኛ አይደለም። ተሬፋ ሸምበቆ በእጁ አይነካም። የጥርስ መፋቂያ ነው የሚለው።»

«ትናንት የትኛውን ይዞ ወጣ?»

«ጉበቱን በፌስታል ቋጥሬ ስሰጠው ጥሩውን አነሳ። እጀታው ላይ የመኪና ካላማዳሪያ ጎማ የተጠቀለለበትን። ሌላው ሁሉ ለእሱ ማገዶ ነው።»

«ከየት ያገኘው ነው?»

ሶረቲ የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር። «ከጌዶ ገበያ ገዝቶት ነው» አለች፤ ዓይኗን ግን አላነሳችም። አረጋሽ ብዙ ሐዘንተኛ አይታለች። ይህችኛዋ ከሐዘኗ ጋር ፍርሃት ነበረባት።

ከድንኳኑ ሥር መምህር ሲሞንን አገኘችው። አምቦ ፊዚክስ ያስተምራል፤ በዕረፍት ቀኑ ከተሬፋ ጋር ያጠምዳል። ከአዲስ አበባ ያስመጣው፣ ክር የሚጠቀልል ማሽን ያለው ዘንግ አለው። ተሬፋ በሞተበት በማክሰኞ ጠዋት ክፍል እንዳልነበረው፣ ቤቱ እንደተኛና ምስክር እንደሌለው ሳትጠይቀው ነገራት። የሸምበቆውን ዘንግ ሲያይ ራሱን ነቀነቀ።

«ይህማ የቀረሶ ነው፣ የትንሿ ዓሣ። አምባዛ ቢይዘው ከነባለቤቱ ነው የሚወስደው። የኔ እንኳ ብረት መሳዩ አንድ ቀን ጫፉ ተሰብሮ ቀረ። የተሬፋ ዘንግ ግን ሲጎትቱት ይታጠፋል፣ ይታጠፋል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሽጥልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። እንቢ አለኝ።»

«ከየት አመጣሁት አለዎት?»

«ሸነን ሄጄ ከጅባት ጫካ ራሴ ቆርጬው ነው አለኝ።»

አረጋሽ ይህን ልብ አለች። «እርስዎ በምን ያጠምዳሉ?»

«በዳቦ። ቁርስህን አብላቸው እያለ ይስቅብኝ ነበር።»

«በሊጥስ?»

«ሊጥ ውሃ ውስጥ ይሟሟብኛል። እነሱ የሚያውቁት ዘዴ አለ፤ እኔ አልተማርኩትም።»

«ይጾማሉ?»

«እጾማለሁ» አለ፣ ጥያቄው ግራ ገብቶት።

ኦቦ ኦሊቃ ከድንኳኑ ጥግ ነበሩ። ተሬፋን ከልጅነቱ ጀምሮ መንጠቆ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ካቻምና አንድ ልጃቸው አመዩ በዚያው ዳጋ ጉራቻ ውሃ በልቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ብዙ አይናገሩም። ለለቀስተኛ ንፍሮ ሲዞር እጃቸውን አንስተው መለሱት፤ ዘጠኝ ሰዓት አልሆነማ። አረጋሽ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ኦቦ ኦሊቃ፣ እኔ የዓሣ ነገር አላውቅም። ጥሩ ዘንግ የሚባለው እንዴት ያለ ነው?»

የሽማግሌው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ፈታ አለ። ቀርከሃው ለጋ ከሆነ ይለመጣል፣ ካረጀ ይሰነጠቃል አሏት። ክረምት የጠጣውን ውሃ እስኪጨርስ ጠብቀው በጥር ይቆርጡታል፤ ከምድጃ በላይ ጭስ እየጠጣ ይከርማል። ከዚያ አንጓ በአንጓ በእሳት እያሞቁ ያቃኑታል። እሳቱ በየአንጓው ላይ ጥቁር ቀለበት ይተዋል፤ ቀለበቱንም አንዱ እንደ ሌላው አያወጣውም፣ እንደ ሰው እጅ ይለያያል።

«ሲመርጡትስ?»

«ዓይንሽን ጨፍነሽ ትነቀንቂዋለሽ። መንቀጥቀጡ እስከ አምባር ማሰሪያሽ መጥቶ ካቆመ ውሰጂው። ክንድሽ ድረስ ከወጣ ተይው፤ አንድ ቀን ይከዳሻል።»

«እንደዚያ ያለ ሠርተው ያውቃሉ?»

«አንድ ብቻ።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

«አሁን የት አለ?»

ኦሊቃ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ውሃ ወሰደው» አሉ። «ከልጁ ጋር።»

ቀሪውን አረጋሽ ቀስ እያለች አወጣችው። ልጁ ገና ነህ፣ ዳጋ ጉራቻ አትውጣ ተብሎ ተከልክሎ ነበር። ብቻውን ሄዶ ነው ተባለ። ሬሳው ቁልቁል ከሩቅ ተገኘ፤ ዘንጉ ግን አልተገኘም። ወንዙን ዳር ለዳር ሲያስሱ ከጎናቸው ያልተለየው ተሬፋ ነበር።

«ማክሰኞ ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቤቴ» አሉ። አረጋሽ አልገፋቻቸውም። ተነሥታ ኤልያቄምን ጠራችውና፣ አዛዡ ቢቆጣም በእኔ ላይ ነው፣ ነጋሳን ይዘህልኝ ና አለችው።

ነጋሳ በፒክአፕ ሲመጣ ግቢው ጸጥ አለ። እናቱ ካቴናውን አዩና ፊታቸውን ወደ ሳጥኑ መለሱ። አረጋሽ ሶረቲን፣ ሲሞንን፣ ኦሊቃን፣ ነጋሳን በሳጥኑ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው፤ ራሷ ግን ቆመች።

«አዴ ጌጤ፣ ፊቴ ንገሪኝ ብለውኛል። ፊትዎ ልናገር ነው» አለች። የሸምበቆውን ዘንግ አነሳች። «ይህ ተሬፋ አጠገብ የተገኘው ነው። የእሱ አይደለም፤ አምባዛም አይችልም። የእሱ ዘንግ ጠፍቷል። ጠፍቷል ብል ደግሞ ሁሉም አይደለም፤ ቅንጣቱ ግንባሩ ውስጥ ነበር።» ስንጥሯን ከመሐረቧ ፈታች። «የተመታው በገዛ ዘንጉ ነው። ዘንጉ ተሰበረ። የመታው ሰው ሰባራውን ይዞ ሄደ። ዓሣ አጥማጅ ያለ ዘንግ ሞቶ ቢገኝ ሰው ይጠይቃልና፣ በእጁ የነበረውን የራሱን ዘንግ ተክቶ ሄደ።»

ሲሞን ሊናገር ብሎ ተንቀሳቀሰ፤ በእጇ ዝም አሰኘችው።

«እርስዎ አይደሉም፣ መምህር። መንጠቆው ላይ የነበረው ሊጥ ተልባ አለበት፤ እንዳይሟሟ። እርስዎ ይህን አያውቁም። ይህ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ዳጋ ጉራቻ ላይ በሊጥ እንደማይጠመድ ያውቃል። ጉበቱ አጠገቡ ነበር። ሊጡን ጥሎ ጉበቱን ሰክቶበት ቢሄድ፣ እኛም ተሬፋ ሲያጠምድ አዳልጦት ነው ብለን ዛሬ ተቀብሮ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልሰካም?» አለ ነጋሳ።

«አንተ ብትሆን ትሰካው ነበር። ፍየሉን ያረድከው፣ ጉበቱን የቆረጥከው አንተ ነህ። ሶረቲም ብትሆን ትሰካው ነበር፤ በፌስታል ቋጥራ የሰጠችው እሷ ናት። ይህ ሰው ግን ፌስታሉን አልፈታም።» ድምጿ ዝቅ አለ። «ትናንት ኤልያቄም ያንን ፌስታል ሲዘረጋልኝ እኔም እጄን ሰበሰብኩ። ሳላስበው ነው። ሁዳዴ ነው። ሰውዬው እንደኔው ጾመኛ ነው። ሬሳ ውሃ ውስጥ ትቶ ሲሄድ እንኳ ሥጋ ሊነካ አልቻለም።»

ከለቀስተኛው መሃል አንዲት ሴት «ወይኔ» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አሁን የቀረው ምክንያቱ ነው። ሶረቲ፣ ዘንጉ ከጌዶ ተገዛ አልሽኝ። መምህር ሲሞንን ደግሞ ከጅባት ጫካ ቆረጥኩት ብሎታል። ከሁለቱም ስላልመጣ ነው። እጀታውን በካላማዳሪያ የሸፈነውም ሰው እንዳያየው ነው። ምኑን? የእሳቱን ቀለበት። ይቺ ስንጥር ላይ ያለው ጥቁረት እሱ ነው። እንደዚያ ያለ ዘንግ የሠራው አንድ ሰው ነው፤ የሠራውም አንድ ብቻ ነው።»

ስም አልጠራችም። ማንም ወደ ማንም አልዞረም። ኦሊቃ ራሳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጎማው ላልቶ ነበር» አሉ። «ከላይ ቀረሶ ሳጠምድ ቆይቼ ስወርድ አለቱ ላይ ተቀምጦ እጀታውን ሲያጠብቅ ደረስኩ። የገዛ እጄን ሥራ አላጣውም። የልጄን ዘንግ ከየት አመጣኸው አልኩት። ዝም አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። ዝም አለኝ። ነጥቄ አንዴ መታሁት፤ ወደ ኋላ ሄደ።» ትንሽ አረፉ። «ዋና እችላለሁ። አልገባሁለትም።»

«ጉበቱስ?» አለች አረጋሽ።

«መስካት እንዳለብኝ አውቄያለሁ። እጄ እንቢ አለኝ።» ወደ አዴ ጌጤ ዞሩ። «ነጋሳን ሲያስሩት ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፣ ጌጤ። ድምፅ አልወጣልኝም።»

መልስ የሰጠችው ሶረቲ ናት፤ ከተቀመጠችበት በጉልበቷ እየተሳበች ወደ ሽማግሌው ቀረበች።

«ኦቦ፣ ልጁ ብቻውን አልነበረም። ተሬፋ ነው የወሰደው። ውሰደኝ እያለ ሲለምነው አሳዘነውና ወሰደው። አዳልጦት ሲገባ ተሬፋ ያንን ዘንግ ዘረጋለት።»

ኦሊቃ ቀና አሉ። «ያዘው?»

«ያዘው።»

«አመዩ ያዘው?»

«በሁለት እጁ ያዘው አለኝ። ጥቂት ጎተተውም። ከዚያ ውሃው በለጠው፤ ለቀቀ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«እርስዎ የከለከሉትን ልጅ ወስዶ ምን ብሎ ይንገርዎት? ዘንጉን ሊያቃጥለው ምድጃ ድረስ እየወሰደ ይመልሰው ነበር። የልጁ እጅ ያረፈበት ነው፣ እንዲህ ያለ ዘንግም አይገኝም፣ አይሆንልኝም ይላል። እኔም ዝም አልኩ። አሁን ሁላችንም ዝም ብለን እዚህ ደረስን።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ሲያለቅሱ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ይነሳል፣ ይወድቃል። ኤልያቄም የነጋሳን ካቴና ፈትቶ ወደ እሳቸው ሲመጣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት።

«ሰባራው ቤቴ፣ ቆጡ ላይ ነው» አሉት። «ስታስቀምጡት አቁማችሁ ግድግዳ እንዳታስደግፉት። ይጎብጣል። አጋድሙት።»

«እሺ፣ አባ» አለ ኤልያቄም።

ነጋሳ እናቱ ፊት መጥቶ ቆመ። አዴ ጌጤ ካቴናው ያረፈበትን የእጁን ሰንበር በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «ውሃ ይብላህ ያልኩትን ሰምቶ ሞተ» ብሎ ማልቀስ ሲጀምር፣ «ጉበቱን ሲቀበል እንዴት ደስ እንዳለው ሶረቲ ትንገርህ፣ አሁን ግን ጊዜ የለንም» አሉት። ከዚያ ሳጥኑን ይዘው ተነሡ።

«አንሳው» አሉ። «ከፊት በኩል።»

አነሳው። ሰልፉ ከግቢው ወጥቶ ወደ መቃብሩ መንገድ ሲታጠፍ በፖሊሱ ፒክአፕ ጎን ማለፍ ነበረበት። ኦሊቃ ከኋላ አግዳሚው ላይ ታስረው ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ሲቀርብ፣ በአገሩ ወግ ሬሳ ሲያልፍ ማንም እንደሚያደርገው፣ የታሰረ እጃቸውን የመኪናው ጠርዝ ላይ አስደግፈው እንደምንም ተነሥተው ቆሙ። ኤልያቄም ይቀመጡ ሊላቸው ሲል አረጋሽ ክንዱን ያዘችው።

ነጋሳ አየና እርምጃውን ገታ። ከኋላው ያሉትም ቆሙ። አዴ ጌጤ ወደ መኪናው ቀና ብለው የቆመውን ሽማግሌ አዩ፤ ብዙ አዩ። ከዚያ የነጋሳን ጀርባ በመዳፋቸው ወደ ፊት ገፋ አደረጉት፤ ሰልፉም ቀጠለ።

ኦሊቃ የመጨረሻው ለቀስተኛ ከባሕር ዛፉ ጀርባ እስኪሰወር አልተቀመጡም።